ፕረፕን ለምን እናቆማለን? ለምንስ እንደገና እንጀምራለን?

ጥያቄ፤ «ከሲልቨር ስፕሪንግ»

ሰላም ለሁላችሁ።

ከስድስት ወር መጥፋት በኋላ ባለፈው ሳምንት ወደምታከምበት ክሊኒክ ስመለስ እንድሞላው የተሰጠኝ ቅጽ «ፕረፕ መውሰድ ያቆሙበት ምክንያት ምንድን ነው?» ይላል። ከሥሩ የተደረደሩት ሣጥኖች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የጎንዮሽ ጉዳት፣ ዋጋ፣ እና «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም»። እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ሦስተኛው ላይ ምልክት አድርጌ አስረከብኩ፤ እውነት ግን አልነበረም። የደም ምርመራው ቀጠሮ ለመጪው ሐሙስ ስለተሰጠኝ፣ እስከዚያው ድረስ ከእናንተ ጋር ልወያይ ብዬ ነው የምጽፈው።

ስለ ፕረፕ ላልሰሙ አንባቢዎች በአጭሩ ልግለጽ፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ ትሩቫዳ የተባለው ክኒን ለዚህ አገልግሎት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ በታዘዘው መሠረት ከተወሰደ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የመያዝን ዕድል በ99 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይገልጻል። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል አይደለም። እንደሚሠራ እያወቅን ለምን እንተወዋለን የሚል ነው።

ዕድሜዬ 34 ነው። ጌይ ነኝ፤ እኛ በመካከላችን በምንግባባበት ቃል ደግሞ ዜጋ። ክኒኑን የጀመርኩት በ2019 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አቁሜያለሁ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። መጀመሪያ ያቆምኩት በ2020 ኮሮና ሲገባ ነው፤ ከቤት ሳልወጣና ከማንም ጋር ሳልገናኝ በየማለዳው ክኒን መዋጥ ትርጉም አጣብኝ። ሁለተኛው የፍቅር ጓደኛ የያዝኩ ጊዜ ነበር። ሦስተኛው ግን የተለየ ነው። ሥራ ቀየርኩ፤ የአዲሱ መሥሪያ ቤት የጤና መድን ሥራ ላይ የሚውለው ከ90 ቀን በኋላ ነበር፤ ክኒኔም በመካከሉ አለቀ። ይህ የዋጋ ጉዳይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን መድኑ ከጀመረ በኋላም ሦስት ወር ሙሉ ሳልሄድ ቆየሁ። «የት ጠፍተህ ነው?» ብትለኝ ለነርሷ ምን እመልሳለሁ ብዬ ነው። ለዚህ ደግሞ ሣጥን የለውም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። እናንተስ ያቆማችሁት ለምንድን ነው? ሁለተኛው፣ መሳቢያዬን ሳገላብጥ ከድሮው የተረፈ ብልቃጥ አገኘሁ፤ 19 ክኒን አለው፣ ጊዜውም አላለፈበትም። እስከ ሐሙስ ከምጠብቅ ዛሬ ማታ ብጀምር ምን ችግር አለው?


መልስ 1፤ «ዘጠኝ ዓመት በዋሽንግተን»

ወንድሜ፣ አንቱታውን ልተወውና እንደ እኩያ ልጻፍልህ። ሁለተኛውን ጥያቄ ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ፤ በመጀመሪያው ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም እኔም ሦስት ጊዜ አቁሜያለሁ፣ ሦስቱም በተለያየ ምክንያት ነው።

ፕረፕ የጀመርኩት በ24 ዓመቴ በአባቴ የጤና መድን ሥር ሆኜ ነው። በዚህ አገር ሕግ ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በወላጆቹ መድን ሥር መቆየት ስለሚችል ክኒኑ አንድም ሳንቲም አላስወጣኝም ነበር። የማላውቀው ነገር ግን የመድን ድርጅቱ ለማን ምን እንደከፈለ የሚዘረዝር ደብዳቤ በመድኑ ባለቤት ስም ወደ ቤት እንደሚልክ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ከመንግሥትም ሆነ ከባንክ የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሁሉ አንብቦ ለወላጆቹ የሚተረጉመው ልጅ ነው፤ ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ለአንድ ዓመት ያህል ደብዳቤዎቹን ቀድሜ እያነሣሁ ቀደድኩ። በኋላ የሌሊት ፈረቃ ሥራ ስጀምር ፖስታውን የምታነሣው ታናሽ እኅቴ ሆነች። በዚያው ሳምንት አቆምኩ። ሐኪሙ ቢጠይቀኝ ኖሮ «የጎንዮሽ ጉዳት» ብዬ እመልስ ነበር፤ አንድ ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት ነውና ውሸትም አይባልም። ለዚህ መፍትሔ እንዳለው የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ የሕክምና ደብዳቤ ወደ ሌላ አድራሻ ወይም ወደ ራስ የኢንተርኔት አካውንት እንዲላክ የመድን ድርጅቱን በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ወደ አዲስ አበባ የሄድኩበት ክረምት ነው። ለሁለት ወር እናቴ ቤት ነበር የማርፈው። አገር ቤት ያደገ ሰው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሕዝቡ አፍ «ዕድሜ ማራዘሚያ» እንደሚባል ያውቃል፤ ትሩቫዳ ደግሞ ከሕክምናው መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ ስሙን ስልኩ ላይ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ነው። የአክስቴ ልጅ ሻንጣዬ ውስጥ ቢያየው፣ ታምሜ መጥቻለሁ ተብሎ ቤተሰቡ በአንድ ቀን ለቅሶ ይቀመጣል። ታምሜ አይደለም፣ እንዳልታመም ነው የምወስደው ብል ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ «ከምን እንዳትታመም?» ነው። በአገራችን የወንጀል ሕግ በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚደረግ ግንኙነት በእስር የሚያስቀጣ ስለሆነ ይህ ጥያቄ የሐሜት ብቻ አይደለም። እናም ብልቃጡን ዋሽንግተን ትቼው ሄድኩ። አዲስ አበባ ምንም አላደርግም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን ለአምስት ሳምንት ጠበቅሁ።

ከተመለስኩ በኋላ ተመርምሬ ነፃ መሆኔን እስካውቅ ያሳለፍኳቸውን ቀናት አልረሳቸውም። በዚያው ወር እንደገና ጀመርኩ። ፍርሃት የሚመልሰው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ የተመለሱት ጨብጥ ወይም ቂጥኝ ተገኝቶባቸው፣ ወይም ኮንዶም ተቀዶባቸው፣ ወይም አብሯቸው የነበረው ሰው በቫይረሱ መያዙን ሰምተው ነው።

ሦስተኛው እንዳንተው ፍቅር ነበር፤ ስለዚህኛው ግን ሰው የሚናገረው ግማሹን ይመስለኛል። «ታማኝ ጓደኛ ስላገኘሁ አላስፈለገኝም» እንላለን። እኔ ያቆምኩት አላስፈለገኝም ብዬ አስልቼ አልነበረም። አብረን መኖር ከጀመርን በኋላ እሱ እያየኝ ክኒን መዋጥ «አላምንህም» ወይም «እኔን አትመነኝ» ማለት ሆኖ ተሰማኝ። ስለዚህ ማቆሙን እንደ ስጦታ አድርጌ ነገርኩት። እሱም በማግስቱ የራሱን አቆመ። ሁለታችንም ከመተዋችን በፊት አብረን አልተመረመርንም፤ ሌላ ሰው ቢመጣ እንነጋገራለን ብለንም አልተስማማንም። ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ መቀጠል ስፈልግ ችግሩ ተገለባብጦ መጣ፤ ማቆሙ የመተማመን ምልክት ከሆነ፣ መጀመሩ ምን ሊባል ነው? አራት ወር ያህል ሳልጀምር ቆየሁ። ሳስበው ከዘጠኙ ዓመት ሁሉ አደጋ ላይ የነበርኩት በእነዚያ አራት ወራት ነው፤ ቤቱ ግን የሰላም ቤት ይመስል ነበር።


መልስ 2፤ «ነርስ ነኝ፣ ቨርጂኒያ»

ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ልመልስ፤ እባክዎ የተረፈውን ክኒን ዛሬ ማታ አይጀምሩ።

ምክንያቱ ክኒኑ ተበላሽቷል የሚል አይደለም። ፕረፕ ሁለት መድኃኒቶችን የያዘ ነው፤ በቫይረሱ የተያዘ ሰው ሕክምና ግን በአብዛኛው ከዚህ የበለጠ ጥምረት ይፈልጋል። ባለፉት ስድስት ወራት ሳያውቁት ተይዘው ከሆነና ፕረፕ ከጀመሩ፣ ሁለቱ መድኃኒቶች ቫይረሱን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር ሳይችሉ እንዲለምዳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ። የተላመደ ቫይረስ ደግሞ በኋላ ሊታከሙባቸው የሚችሉ መድኃኒቶችን ቁጥር ይቀንሳል። ሌላም ችግር አለ፤ ገና በተያዙበት ሰሞን የተወሰደ ፕረፕ የምርመራውን ምልክት ሊያደበዝዘውና ውጤቱን ለመተርጎም አስቸጋሪ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም፣ ክኒኑ ይከተል። የቀረዎት ጥቂት ቀን ነው፤ እስከዚያ ኮንዶም አለ። ክሊኒኩም ከፈቀደ ደም በሰጡበት ዕለት ሊያስጀምርዎ ይችላል፤ ብዙ ቦታ የተለመደ አሠራር ነው።

ስለ ምርመራው ሁለት ነገር ይወቁ። ከክንድ ደም ተወስዶ በቤተ ሙከራ የሚሠራው የተለመደው ምርመራ ኢንፌክሽንን የሚያገኘው ከተጋለጡ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የቫይረሱን ዘር በቀጥታ የሚፈልገው ምርመራ ከ10 እስከ 33 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ባለፈው ወር ያለ መከላከያ ግንኙነት አድርገው ከሆነ ወይም ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ ወይም የንፍፊት ማበጥ ታይቶብዎት ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ የሚታዘዘው የምርመራ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ግንኙነቱ የሆነው ባለፉት 72 ሰዓታት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሐሙስን አይጠብቁ፤ ከተጋለጡ በኋላ ለ28 ቀን የሚወሰድ ሌላ ሕክምና ስላለ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ወይም ክሊኒክ ይሂዱ። እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

እንደገና ሲጀምሩ ጥበቃው መቼ ይመለሳል ለሚለው፣ በፊንጢጣ በሚደረግ ግንኙነት ከፍተኛው ጥበቃ የሚገኘው በየቀኑ ለ7 ቀን ያህል ከተወሰደ በኋላ እንደሆነ የአሜሪካ መመሪያ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለወንዶች ከግንኙነቱ ከ2 እስከ 24 ሰዓት በፊት ሁለት ክኒን በአንድ ጊዜ ወስዶ መጀመር እንደሚበቃ ይመክራል፤ ከዚያም ሁለቱን ከወሰዱ ከ24 ሰዓት በኋላ አንድ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ። ይህ በፈረንሳይና በካናዳ ተፈትኖ ውጤቱ በ2015 የወጣ፣ ብዙዎች «ሁለት፣ አንድ፣ አንድ» ብለው የሚጠሩት አወሳሰድ ነው። ማቆምም እንደዚሁ ሥርዓት አለው፤ ከመጨረሻው ግንኙነት በኋላ ለሁለት ቀን ይቀጥላሉ፣ ከዚያ ያቆማሉ። ግንኙነቱ ባለፈ በማግስቱ ብልቃጡን ወደ ቅርጫት መወርወር ማቆም አይባልም፣ ማቋረጥ ነው።

አሁን የእኛን ሰዎች በተለይ የሚነካ ነገር ልጨምር፤ በሥራዬ ብዙ ጊዜ ተዘልሎ አይቼዋለሁና። እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች የጉበት ቫይረስ የሆነውን ሄፓታይተስ ቢንም ያዳክማሉ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ፕረፕ ሲወስድ ጉበቱም ሳያውቀው እየታከመ ነው። ድንገት ሲያቆም ቫይረሱ ሊያገረሽና ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥቁር ሣጥን የተጻፈ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኝ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚያዘው በልጅነቱ፣ ምንም ምልክት ሳያይ ነው። እዚህ የተወለደ ሐኪም ሁልጊዜ አያስበውም። ስለዚህ አገር ቤት ተወልደው ያደጉ ሁሉ ከመጀመራቸው በፊት ይመርመሩ። ከተገኘባችሁ ፕረፕ አይከለከልም፤ ነገር ግን ሐኪም ሳያማክሩ ማቆም፣ «ሁለት፣ አንድ፣ አንድ» የሚለውንም አወሳሰድ መጠቀም ለእናንተ አይሆንም።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄዎ አንድ ቃል ብቻ። «የት ጠፍተህ ነው?» የምትል ነርስ ሰላምታ ማቅረቧ ነው፤ ለእኛ በአማርኛ የፍቅር ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ተጠይቆ በአማርኛ ኅሊና ሲሰማ ግን ወቀሳ ይመስላል። እኔም ከእርስዎ ጽሑፍ በኋላ አጠያየቄን እንደገና እያሰብኩበት ነው።


መልስ 3፤ «ስም የለኝም»

የተነሣውን ሁሉ አንብቤያለሁ። እኔ ከሁላችሁም በተለየ ሁኔታ ላይ ስላለሁ አጭር ነገር ልጻፍ።

ባለትዳር ነኝ፣ ልጆችም አሉኝ። ለሴትም ለወንድም የምሳብ ሰው ነኝ። ሥራዬ ረጅም ርቀት የሚሄድ የጭነት መኪና መንዳት ነው። ስለ ፕረፕ የጠየቀኝ ሐኪም ኖሮ አያውቅም፤ ፋይሌ ላይ «ባለትዳር» የሚል ቃል ካለ ጥያቄው እዚያው ያበቃል። የሰማሁት ከሌላ ሾፌር ነው። ለጌይ ወንዶች የታወቀ ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ለመቆም ወኔ አልነበረኝም፤ በቪዲዮ ከሚያክም ሐኪም አዘዝኩ፤ ክኒኑም ምርመራውም በፖስታ መጣ።

ጀምሬ ያቆምኩት አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው። ቤት ስገባ አቆማለሁ፣ መንገድ ስወጣ እጀምራለሁ። ብልቃጡ ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። ለብዙ ጊዜ ይህን እንደ ጥፋት እቆጥረው ነበር። ነርሷ የጻፉትን «ሁለት፣ አንድ፣ አንድ» ሳነብ ግን፣ እኔ በዘፈቀደ ሳደርገው የነበረው ነገር ሥርዓት ያለው አወሳሰድ እንዳለው ገባኝ። ሥርዓቱን ግን አላውቅም ነበርና ብዙ ጊዜ ከጉዞው መጨረሻ ሁለት ቀን ቀድሜ አቁሜያለሁ፤ ቤቴ ልገባ ስለሆነ። ያ ማለት በመጨረሻው ሌሊት በቂ ጥበቃ ላይኖረኝ ይችል ነበር፣ ከዚያ በቀጥታ የምሄደው ደግሞ ወደ ባለቤቴ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል።

ሥነ ምግባሬን የሚመለከት ምክር እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሱን ለንስሐ አባቴ ተዉልኝ።


መልስ 4፤ «የሕዝብ ጤና ተማሪ»

እዚህ የተጻፈው ነገር ከብዙ ጥናት ጋር ይገጥማል። በሰሜን ካሊፎርኒያ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የሕክምና ድርጅት ከ2012 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ከ13,000 በላይ የፕረፕ ተከታታዮቹን መዝገብ መርምሮ ነበር። ከጀመሩት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ አቁመዋል፤ ካቆሙት ውስጥ ደግሞ 60 በመቶ ያህሉ እንደገና ጀምረዋል። ስለዚህ ጠያቂው ሦስት ጊዜ ማቆሙ እንግዳ ነገር አይደለም፣ የተለመደው ነው። በኤች አይ ቪ የመያዝ መጠን ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው አቁመው ሳይመለሱ በቀሩት ላይ ነው።

የሙያው ሰዎች ፕረፕ የዕድሜ ልክ መድኃኒት እንዳልሆነ፣ የአደጋ ወቅት እንዳለና መድኃኒቱ ወቅቱን ከሸፈነ በቂ እንደሆነ ከጻፉ ዓመታት አልፈዋል። በሐሳብ ደረጃ እስማማለሁ፤ ገበሬ ክረምት ከበጋ ጥላ ይዞ አይዞርም። አስቸጋሪው ነገር የሰው ወቅት በቀን መቁጠሪያ አለመጻፉ ነው። «ዘጠኝ ዓመት በዋሽንግተን» የጻፈውን ልብ በሉ፤ በጋ መስሎት የተቀመጠበት ጊዜ ክረምቱ ሆኖ ተገኘ። ያቆመው ትዳር መሰል ኑሮ ሲጀምር ነው፤ መቀጠል የነበረበት ግን ኑሮው ሲፈርስ ሳይሆን መሰነጣጠቅ ሲጀምር ነበር። ስንጥቁን ደግሞ ማንም ለክሊኒክ ደውሎ አይናገርም።

አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። ቀን መርሳትና ማቆም አንድ አይደሉም። በ2014 በታተመ፣ በወንዶችና በትራንስጀንደር ሴቶች ላይ በተደረገ ትልቅ ክትትል፣ በደማቸው የተገኘው የመድኃኒት መጠን በሳምንት አራት ክኒንና ከዚያ በላይ መውሰዳቸውን ባሳየ ጊዜ አንድም ሰው አልተያዘም። ስለዚህ ሁለት ቀን የረሳ ሰው «አበላሸሁት» ብሎ እርግፍ አድርጎ መተው አይገባውም። ሁለት ቀን በመርሳት ተበሳጭቶ ሁለት ዓመት የተወ ሰው አውቃለሁ።


መልስ 5፤ «ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ»

ስለ ዋጋውና ስለ መርፌው ጥቂት ልበል፤ የሰማሁት ነገር ያረጀ ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

ትሩቫዳ ብቻውን በነበረበት ዘመን የወር ዋጋው ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው ርካሽ ክኒኖች ስለገቡ ዛሬ ያለ መድንም በወር ከ30 ዶላር ባነሰ የሚሸጥበት ፋርማሲ አለ። ጠያቂው መድን ባልነበረው 90 ቀን ውስጥ ይህን የነገረው ሰው ቢኖር ምናልባት አይቋረጥበትም ነበር። ያለ መድን ከባዱ ክኒኑ ሳይሆን በየሦስት ወሩ የሚሠራው የደም ምርመራና የሐኪም ክፍያ ነው፤ ለዚያ ደግሞ በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ክልል መቀየርም ሰው የማያስበው ወጥመድ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ሜሪላንድ መሻገር የአንድ ፌርማታ መንገድ ነው፤ የመንግሥቱ የድሆች መድን ግን አብሮ አይሻገርም፤ እንደ አዲስ መመዝገብ ያስፈልጋል።

«መርፌው መጣ፣ ማቋረጥ ቀረ» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። በየሁለት ወሩ የሚሰጠው ካቦቴግራቪር በ2021 መጨረሻ፣ በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ሌናካፓቪር ደግሞ በጁን 2025 ተፈቅደዋል። የሁለተኛው ውጤት በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው፤ ወንዶችንና የተለያየ ጾታ ማንነት ያላቸውን ባካተተው ጥናት መርፌውን ከወሰዱት 2,179 ሰዎች የተያዙት 2 ብቻ ናቸው። ብልቃጥ የለም፣ መሳቢያ የለም፣ የአክስት ልጅም አያየውም። ደብዳቤው ግን ያው ይመጣል። ቀጠሮው የሚቀርበት ሰውም አለ። መርፌ ደግሞ ሲቆም እንደ ክኒን ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፤ መጠኑ ቀስ እያለ ለብዙ ወራት ይቀንሳል። ጥበቃ ለመስጠት የማይበቃ፣ ቫይረሱ እንዲላመደው ግን የሚበቃ መጠን በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መርፌውን የሚያቆም ሰው አደጋው ካላለፈ ወደ ክኒን መሸጋገር አለበት። ማቆሙ ከክኒኑ ይልቅ የበለጠ ዕቅድ ይፈልጋል ማለት ነው።

ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ማንም ስላላነሣ በአንድ መስመር ልንካው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያቅለሸልሸው ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በወሩ ውስጥ ይተዋል። በጾም ወቅት በባዶ ሆድ ከብዶት ያቆመ ደንበኛ ገጥሞኛል፤ ክኒኑ በማንኛውም ሰዓት ሊወሰድ ስለሚችል ከመኝታ በፊት ከማታው ምግብ ጋር አድርገው ብዬው እስከ ፋሲካ ቀጠለ።


ጠያቂው እንደገና፤ «ከሲልቨር ስፕሪንግ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሥራ ዘጠኙን ክኒን አልነካሁም፤ ብልቃጡን ሐሙስ ይዤው ሄድኩ።

ነርሷን ስለ ሄፓታይተስ ቢ ስጠይቃት ፋይሌን አገላበጠችና በ2019 መመርመር ሲገባኝ እንዳልተመረመርኩ አገኘች። ስለዚህ እኔ ሦስት ጊዜ ያቆምኩት ጉበቴ ምን እንደተሸከመ ሳይታወቅ ነበር። አሁን ደሙ ተወስዷል። የኤች አይ ቪው ፈጣን ምርመራ ነፃ መሆኔን አሳይቷል፤ የቤተ ሙከራው ውጤት ደግሞ ሰኞ ይደርሳል። የተጋለጥኩት ከሁለት ወር በፊት ስለሆነ ያንን ጠብቀን እንጀምር ተባብለናል።

ቅጹን መልሼ ጠየቅሁ። ሦስተኛው ሣጥን ላይ ያደረግሁትን ምልክት ሰርዤ በጎኑ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ መድን ለ90 ቀን አልነበረኝም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ መመለስ አፈርኩ። አንብባ «ይህን የጻፈልኝ ሰው የለም፤ የሚሉኝ ግን ብዙ ናቸው» አለችኝ።

ለ«ስም የለኝም» አንድ ጥያቄ አለኝ። በቪዲዮ የሚያክመው ሐኪም የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አዝዞልዎት ያውቃል?


«ስም የለኝም»

ለኤች አይ ቪና ለኩላሊት ብቻ ነው የተላከልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። ነገ እደውላለሁ።


«ነርስ ነኝ፣ ቨርጂኒያ»

ይደውሉ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አወሳሰድዎን በራስዎ አይለውጡ፤ እየወሰዱ ከሆነ አያቁሙ፣ ካቆሙም ከምርመራው በፊት አይጀምሩ። ባለቤትዎም ብትመረመር መልካም ነው። ሄፓታይተስ ቢ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የሚመከር ምርመራ ስለሆነ፣ ለእርሷ ሲነግሯት ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግዎትም።